የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ኦግር በሦስት እትም

በዚህ ወር የደረሱንን ደብዳቤዎች ስናገላብጥ ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ የሚያነሱ ሆነው አገኘናቸው፦ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የገበታ ጨዋታ ደንቦች ከእትም ወደ እትም እንዴት እንደተለወጡና የተለያዩ እትሞችን ለማነጻጸር ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ፣ ተጫዋቾች በምናብ ዓለም ውስጥ የሚኖሩ ገጸ ባሕርያትን ሚና ይዘው፣ የጨዋታው መሪ በሚተርክላቸው ታሪክ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ እየተናገሩ፣ ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ደግሞ ዳይስ እየወረወሩ የሚጫወቱት ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት የመጀመሪያው ደንብ አሜሪካ ውስጥ በ1974 ታተመ። ከ1977 እስከ 1979 የወጡት «አድቫንስድ» የሚል ቅጽል ያላቸው መጻሕፍት የመጀመሪያው እትም ይባላሉ። ሁለተኛው እትም በ1989፣ ሦስተኛው በ2000፣ የእርሱ ማሻሻያ የሆነው 3.5 በ2003፣ አራተኛው በ2008፣ አምስተኛው ደግሞ በ2014 የወጡ ሲሆን፣ የአምስተኛው መጻሕፍት ከ2024 ጀምሮ ታድሰው ታትመዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ጓደኛሞች በ2014ቱ የአምስተኛ እትም ደንብ እንጫወታለን። በቅርቡ የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም በወጣትነታቸው ይጫወቱበት የነበረ የሁለተኛ እትም የጀብዱ መጽሐፍ ሰጡን። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ኦግር የተባለው ግዙፍ ጭራቅ የመከላከያ ቁጥሩ 5 ነው፤ በእኛ መጽሐፍ ግን 11 ነው። ገሚሶቻችን «የድሮው ደካማ ነበር» ስንል፣ እሳቸው ስቀው «እንዲያውም ለመምታት የሚከብደው የድሮው ነው» አሉን። ማን ነው ትክክል? ቁጥሮቹንስ በምን ስሌት እንለውጣቸው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስለ መምታቱ ከሆነ ወንድምየው ትክክል ናቸው፤ ለመጣል ስለ መክበዱ ግን ነገሩ እሳቸው ከሚያስቡት በላይ የተወሳሰበ ነው። በሁለተኛው እትምና ከዚያ በፊት በነበሩት ሁሉ፣ ተጫዋቾች አርመር ክላስ የሚሉት የመከላከያ ቁጥር የሚሻሻለው ወደ ታች እየወረደ ነበር። በአድቫንስድ ደንብ ምንም ጥሩር ያልለበሰ ሰው 10፣ የሰንሰለት ጥሩር የለበሰ 5፣ ከባዱን የብረት ጥሩር ለብሶ ጋሻ የያዘ ደግሞ 2 ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ አልፎ እስከ −10 ሊወርድም ይችላል። ለመምታት ዳይሱ ላይ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ለማወቅ፣ «ታኮ» ከሚባለው የአጥቂው ቁጥር ላይ የተጠቂው የመከላከያ ቁጥር ይቀነሳል። የ1ኛ ደረጃ ተዋጊ ታኮ 20 ስለሆነና የኦግሩ መከላከያ 5 ስለሆነ፣ ባለ 20 ገጹ ዳይስ 15 ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት ይኖርበታል ማለት ነው።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን ሁሉ ገልብጦ፣ ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ መከላከያ እንዲሆንና አጥቂው በዳይሱ ላይ ጭማሪውን ብቻ እንዲደምር አደረገ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ለመሻገር የድሮውን የመከላከያ ቁጥርም ታኮውንም ከ20 ላይ መቀነስ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ውጤት አዲሱ መከላከያ፣ ሁለተኛው ደግሞ የአጥቂው ጭማሪ ይሆናል። በዚህ ስሌት ኦግሩ 15፣ ተዋጊው +0 ያገኛሉ፤ አሁንም የሚያስፈልገው 15 ነው። ስለዚህ አቆጣጠሩን መገልበጥ ብቻውን የማንንም ዕድል አልለወጠም፤ የለወጠው ተጫዋቹ በልቡ የሚቀንሰውን ወደ መደመር ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

እንከን የሚመጣው ይህን 15 ወስዳችሁ በአምስተኛው እትም ገበታ ላይ ባስቀመጣችሁት ጊዜ ነው። ለማሳየት ያህል፣ ጉልበቱ 16 የሆነ፣ ረጅም ሰይፍ የያዘ የ1ኛ ደረጃ ተዋጊ በሦስቱ እትሞች ከኦግር ጋር ብቻውን ይዋጋ እንበል። ነገሩን ለማቅለል ልዩ ሥልጠናዎችንና እጥፍ ጉዳት የሚያደርሱ ውርወራዎችን እንተዋቸው። በሁለተኛው እትም ጉልበት 16 ለመምታት ምንም አይጨምርም፤ ስለዚህ ተዋጊው 15 ማውጣት አለበት፤ ዕድሉ ከመቶ 30 ነው። በ3.5 ያው ጉልበት 3 ይጨምራል፣ ከደረጃው ሌላ 1 ያገኛል፤ የኦግሩ መከላከያ 16 ስለሆነ 12 ይበቃዋል፤ ዕድሉ ከመቶ 45 ይሆናል። በአምስተኛው እትም ከጉልበቱ 3፣ ከብቃቱ 2፣ በድምሩ 5 ጨምሮ 11 ላይ መድረስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ስለዚህ ዳይሱ 6 ካሳየ ይመታል፤ ዕድሉ ከመቶ 75 ነው።

እስከዚህ ላነበበ ሰው የአምስተኛው እትም ኦግር የሕፃን መጫወቻ ይመስላል። የጉዳቱንና የሕይወት ነጥቡን (ፍጡሩ ከመውደቁ በፊት የሚችለውን የጉዳት መጠን) ሒሳብ ስንጨምርበት ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ሁለተኛው እትም ረጅም ሰይፍ በግዙፍ ፍጡር ላይ ባለ 12 ገጽ ዳይስ እንዲወረወርበት ስለሚያዝና ጉልበት 16 አንድ ጉዳት ስለሚጨምር፣ አንድ ምት በአማካይ 7.5 ጉዳት ያደርሳል። በሌሎቹ ሁለት እትሞች ዳይሱ ባለ 8 ገጽ ሆኖ የጉልበቱ ጭማሪ 3 ስለሆነ አማካዩ እዚያው 7.5 ላይ ያርፋል። የኦግሩ የሕይወት ነጥብ ግን በሁለተኛው እትም በአማካይ 19፣ በ3.5 29፣ በአምስተኛው ደግሞ 59 ነው። አማካዩን ምት በዕድሉ አባዝተን የሕይወት ነጥቡን በውጤቱ ብናካፍል፣ ተዋጊው ኦግሩን ለመጣል በሁለተኛው እትም ስምንት ተኩል ገደማ ዙር፣ በ3.5 ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ፣ በአምስተኛው ደግሞ አሥር ተኩል ገደማ ዙር ይፈጅበታል። መከላከያው ከ15 ወደ 11 የወረደው፣ የመምታት ዕድሉም ከእጥፍ በላይ ያደገው ኦግር ከሦስቱ ለመሞት የሚዘገየው ሆኖ ተገኘ!

ስለዚህ የደንቡ አዘጋጆች ይበልጥ የለወጡት ከውጊያው ርዝመት ይልቅ በገበታው ዙሪያ የሚሰማውን ስሜት ነው። የድሮው ተጫዋች ደጋግሞ ይስታል፣ ሲመታ ግን ከኦግሩ ሕይወት ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ይወስዳል፤ የዛሬው ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ይመታል፣ ነገር ግን በአንድ ምት የሚወስደው ከስምንት እጅ አንዱን ብቻ ነው። የ2014ቱ አዘጋጆች ሆን ብለው የመረጡት ይህን ነው፤ ተራውን ጠብቆ ዳይስ ወርውሮ ምንም ሳያደርግ የሚቀመጥ ተጫዋች ይሰለቻል በሚል እምነት የመምታቱን ዕድል ከፍ አድርገው፣ ክብደቱን በሕይወት ነጥብ ላይ ጫኑት።

የድሮውን ቁጥር እንዳለ ማሻገር የማይሠራበት ሁለተኛው ምክንያት የዕድገቱ ፍጥነት ነው። የሁለተኛ እትም ተዋጊ ታኮ በየደረጃው በአንድ እየቀነሰ በ20ኛ ደረጃ 1 ይደርሳል፤ በሦስተኛው እትም ጭማሪው ከ+1 ተነሥቶ +20 ይሆናል። በአምስተኛው እትም ግን የብቃት ጭማሪው ከ+2 ጀምሮ በ17ኛ ደረጃ +6 ላይ ይቆማል። በዚህም የተነሳ በአምስተኛው እትም ጥንታዊ ቀይ ድራጎን እንኳ መከላከያው 22 ብቻ ነው። ከድሮው መጽሐፍ −8 የሆነ ፍጡር አግኝታችሁ በስሌቱ መሠረት 28 ብላችሁ ብታስገቡት፣ በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ተጫዋቾቻችሁ ዳይሱ 20 ካላሳየ በቀር የማይነኩት ግንብ ይሆንባቸዋል። በቁና የተሰፈረን እህል በኪሎ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ገበያው ይፈርሳል።

ስለዚህ ምክሬ ቁጥር አትለውጡ ነው። ከድሮው መጽሐፍ ታሪኩን፣ ካርታውንና የፍጡሮቹን ስም ውሰዱ፤ ቁጥሮቹን ግን በራሳችሁ እትም መጽሐፍ ከተጻፈው ኦግር አምጡ። አቻ የሌለው ፍጡር ሲያጋጥማችሁ በጠባዩ የሚቀርበውን መርጣችሁ ስሙን ቀይሩት። ብዛታቸውን ግን ደግማችሁ መዝኑ፤ የድሮ ጀብዱዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ፍጡር ማከማቸት ይወዱ ነበር፣ ተጫዋቾቹም ሁሉን ይገድላሉ ተብሎ ሳይሆን ይሸሻሉ ወይም ይደራደራሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ምናልባት ወደፊት የመጀመሪያው እትም ጀብዱ እጃችሁ ከገባ ደግሞ ወርቁን ቀንሱ፤ በዚያ እትም ከጉድጓዱ የወጣ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ ክምሩ የተሰላው ለኪስ ሳይሆን ደረጃ ለማሳደግ ነበር።

ጥያቄ፦ በገበታችን ካሉት ጥቂቶቹ የድሮ ተጫዋቾች ናቸው። ገጸ ባሕርያቸው የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ሲደርስ የሚወረወሩትን ሦስት ማምለጫዎች እየተሳለቁ «በአምስተኛ እትም ማንም አይሞትም» ይሉናል። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ ደንቡ ከሚፈቅደው ይልቅ የጨዋታ መሪዎች ርኅራኄ ነው ይህን ስም ያሰጠው። በ1974ቱ ደንብ ዜሮ ሞት ነበር። የመጀመሪያው እትም ለመሪው የተጻፈው መጽሐፍ ዜሮ ላይ የደረሰ ራሱን ስቶ በየዙሩ አንድ ነጥብ እያጣ −10 ላይ እንዲሞት ፈቀደ፤ ሁለተኛው እትም ይህንኑ እንደ አማራጭ ብቻ አቆየው፤ መደበኛው ደንብ ግን ዜሮ ሞት የሚለው ነው። ሦስተኛው እትም −10ን መደበኛ ደንብ አደረገው፤ ይሁን እንጂ በከፍተኛ ደረጃ ላይ አንድ ምት ከ30 እና ከ40 በላይ ጉዳት ስለሚያደርስ ያች አሥር ነጥብ ትርጉም አልነበራትም፤ ሰው ከ5 ተነሥቶ በአንድ ጊዜ −25 ይገባ ነበር። በእኔ አስተያየት የሦስተኛው እትም ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር፤ አራተኛው እትምም የሞቱን ድንበር ከገጸ ባሕርዩ ሙሉ ሕይወት ግማሽ ጋር በማያያዝ አስተካክሎታል።

የአምስተኛው እትም ደንብ እንዲህ ይላል፦ ዜሮ ላይ የወደቀ በተራው ዳይስ ይወረውራል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ስኬት፣ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ውድቀት ይመዘገባል፤ 1 ከወጣ ሁለት ውድቀት፣ 20 ከወጣ ደግሞ በአንድ የሕይወት ነጥብ ይነሣል። ሦስት ስኬት ያድናል፣ ሦስት ውድቀት ይገድላል። ማንም ሳይረዳው ማንም ሳይነካው የቀረ ገጸ ባሕርይ የመትረፍ ዕድሉን ብታሰሉት ከመቶ ወደ 60 ይጠጋል፤ ከመቶ 40 ሞት ደግሞ ቀላል አይደለም። ድግምት የሚያውቅ ጓደኛ ከሩቅ ሆኖ በአንዲት ቃል ሊያስነሣው መቻሉ ነው ነገሩን የሚያለዝበው።

ተሳላቂዎቹ የሚረሱት ግን ሌላ ነገር አለ። ራሱን ስቶ የወደቀን ሰው አጠገቡ ሆኖ የመታ ሁሉ እጥፍ ጉዳት እንዳደረሰ ይቆጠራል፣ ይህም በአንድ ጊዜ ሁለት ውድቀት ነው። ኦግሩ ከወደቀው ተዋጊ አጠገብ ቆሞ ዱላውን ሁለት ጊዜ ቢያሳርፍበት፣ ተዋጊው በመካከሉ ዳይሱ 20 ካላሳየለት በቀር ይሞታል። መሪው «ኦግሩ ወደ ሌላ ሰው ዞረ» ብሎ የሚተርክ ከሆነ የሚያድናቸው መሪው እንጂ መጽሐፉ አይደለም። የድሮውን ፍርሃት ለሚናፍቁ ወዳጆችዎ ደንብ ሳይቀይሩ የተራበ ፍጡር እንደ ተራበ ፍጡር እንዲያደርግ መተው ይበቃል።

ከሞቱ ይልቅ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በማገገሙ ላይ ነው። በሁለተኛው እትም አርፎ የዋለ ሰው በቀን 1፣ ከአልጋ ሳይነሣ የተኛ በቀን 3 የሕይወት ነጥብ ያገኛል፤ 30 ነጥብ ያጣ ተዋጊ ካህን ካላገኘ አሥር ቀን መተኛት ነበረበት። በሦስተኛው እትም በአንድ ሌሊት በደረጃው ልክ ያገኛል። በአምስተኛው ግን ስምንት ሰዓት ያረፈ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ይነሣል። የድሮው ጀብዱ «ጠላት በሦስት ቀን ውስጥ ይደርሳል» ሲል ያስጨንቅ የነበረው የቆሰለው ሰው በሦስት ቀን ስለማይድን ነው፤ በአዲሱ እትም ያው ዐረፍተ ነገር ሰፊ የዕረፍት ጊዜ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አስማተኛዬ 10ኛ ደረጃ ደርሷል። በሦስተኛው እትም ፋየርቦል የተባለው የእሳት ድግምት በዚህ ደረጃ ባለ 6 ገጽ ዳይስ አሥር ያስወረውር ነበር፤ በአምስተኛው ስምንት ብቻ ነው። ለምን አዳከሙት?
አንባቢ፣ ከለንደን

መልስ፦ ዝም ብሎ በደረጃ ማደግ ስለቀረ ነው። በመጀመሪያው እትም ፋየርቦል በየደረጃው አንድ ዳይስ እየጨመረ ያለ ጣሪያ ያድግ ነበር፤ ሁለተኛው እትም አሥር ዳይስ ላይ ጣሪያ አበጀለት፣ ሦስተኛውም ጣሪያውን ጠበቀ። በአምስተኛው ስምንት ዳይስ ድግምቱ ከተገኘበት ከ5ኛ ደረጃ ጀምሮ ይሰጥና፣ ተጨማሪ የሚፈልግ ከፍ ያለ የድግምት አቅም ያወጣበታል፤ አስማተኛዎ አሁን ባለው የ5ኛ እርከን አቅም ቢጠቀም አሥሩን ዳይስ መልሶ ያገኛል። በምትኩ የተሰጠዎትም ቀላል አይደለም። በድሮዎቹ እትሞች አስማተኛው ጠዋት «ዛሬ ሁለት ጊዜ ፋየርቦል፣ አንድ ጊዜ መብረር» ብሎ እያንዳንዱን ቀድሞ መወሰን ነበረበት፣ ያልተጠቀመበትም ተከማችቶ ይቀር ነበር፤ አሁን ካዘጋጃቸው ድግምቶች የፈለገውን በፈለገው ሰዓት ያወጣል።

እውነተኛው መዳከም ግን ዳይሱ ላይ ሳይሆን ተቀባዩ ላይ ነው። የሁለተኛ እትም የ5ኛ ደረጃ አስማተኛ በአማካይ 17.5 ጉዳት ሲያወርድ 19 ነጥብ ያለው ኦግር ሞት አፋፍ ላይ ይደርሳል። የዛሬው አስማተኛ በዚያው ደረጃ 28 ቢያወርድም 59 ነጥብ ያለው ኦግር ሁለት ኳስ ተቀብሎ በእግሩ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የ2014ቱንና የ2024ቱን መጻሕፍት በአንድ ገበታ ላይ መቀላቀል ይቻላል?
አንባቢ፣ ከቴል አቪቭ

መልስ፦ ይቻላል፤ የድሮ ጀብዱዎችና ፍጡራን ከአዲሶቹ ገጸ ባሕርያት ጋር ያለ ብዙ ችግር ይሠራሉ። ጠብ የሚያስነሡት ትናንሾቹ ደንቦች ናቸው፦ የፈውስ መድኃኒት መጠጣት በ2014 ሙሉ ተግባር ሲወስድ በ2024 አጭሯ ተጨማሪ ተግባር ትበቃለች፤ ድንገት የተደረሰበት ወገን ቀድሞ የመጀመሪያ ተራውን ያጣ የነበረ ሲሆን፣ አሁን የተራ ቅደም ተከተል ለመወሰን ሁለት ዳይስ ወርውሮ ዝቅተኛውን ይወስዳል። ቁስል የሚፈውሰው የመጀመሪያ እርከን ድግምት ከአንድ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ወደ ሁለት አድጓል። ድካምም ቀድሞ በስድስት እርከን የተለያየ ቅጣት ነበረው፤ አሁን በየእርከኑ ከውርወራው ላይ 2 እየተቀነሰ ይሄዳል፣ ይህን ማሻሻያ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ መጽሐፍ ሳይገለጥ ይታወሳልና። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት «ሁለቱም መጻሕፍት ስለ አንድ ነገር ሲናገሩ የ2024ቱ ይጸናል» ብላችሁ ተስማሙ። በአንድ ገበታ ላይ አንዱ ተጫዋች በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ድግምት ሲፈውስ ማየት ግን ቅሬታ ከመጋበዝ አይለይም።

ጥያቄ፦ ደንቡን ለወጣቶች ማኅበራችን ወደ አማርኛ መተርጎም እንፈልጋለን። የቅጂ መብት ይከለክለናል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለሽያጭ የቀረቡትን መጻሕፍት ያለ ፈቃድ መተርጎም አይቻልም። ይሁን እንጂ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ደንብ የተካተተበት፣ 5.1 የሚል ቁጥር ያለው የማጣቀሻ ሰነድ በጥር 2023 ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለው ክፍት ፈቃድ ተለቅቋል፤ የ2024ቱን ደንብ የያዘው 5.2ም በ2025 በዚያው ፈቃድ ወጥቷል። ፈቃዱ ሰነዱን መተርጎምን፣ ማሻሻልንና መሸጥን ሳይቀር ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው የምንጩን ስምና የፈቃዱን ዓይነት በተወሰነው ቃል መጥቀስና የተደረገውን ለውጥ ማመልከት ነው። በሰነዶቹ ውስጥ ያልተካተቱ ፍጡራንና የታሪክ ዓለማት ስላሉ እነርሱን አትንኩ። ኦግሩ ግን በሁለቱም ውስጥ አለ፤ ከ5.1 ከጀመራችሁም ከላይ የጠቀስናቸውን የአምስተኛው እትም ኦግር ቁጥሮች እዚያው ታገኟቸዋላችሁ።